የመዋኛ ገንዳ ሥዕል ለምን ሆድ ያባባል?

ሰማያዊ ገንዳ፣ ባዶ ወንበር፣ ጀርባዋን ሰጥታ ባሕሩን የምታይ ሴት፣ ሣር ላይ ተጋድመው እርስ በርስ የማይተያዩ ወጣቶች። ባለፉት ዓመታት ከውጭ አገር ማሳያዎች ወደ ስልካችን የሚመጡት ሥዕሎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና ይዘው ስልክ የሚቀባበሉ ወጣቶች ሲያዩዋቸው ሁለት ዓይነት ነገር ይላሉ። አንዱ፣ “ሰውዬው ገንዳ ሥሎ ነው ይህ ሁሉ ወሬ?” ይላል። ሌላዋ፣ “ቦታው ደስ ይላል፣ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ ሆዴን ባር ባር አለኝ” ትላለች። እዚህ የምንመልሰው የእሷን ጥያቄ ነው፤ የእሱም መልስ እዚያው ውስጥ አለ።

ፊጉራቲቭ ሥዕል የቱ ነው?

እነዚህ ሥዕሎች ፊጉራቲቭ ከሚባለው ወገን ናቸው። ሸራው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ከታወቀ፣ ሰው ሰው፣ ዛፍ ዛፍ ከመሰለ፣ ሥዕሉ ፊጉራቲቭ ይባላል። ቁርጥ ፎቶ መምሰል የለበትም፤ ሰማዩ አረንጓዴ፣ ሰውዬው ፊት አልባ ቢሆንም ያው ነው። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶችን ረዘም አድርገው፣ እንደ ምሰሶ አቁመው ሲሥሉ የሚሠሩት ፊጉራቲቭ ሥዕል ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ብዙዎቹ ሸራዎች ደግሞ ረቂቅ ወይም አብስትራክት የሚባሉት ናቸው፤ እዚያ ጉዳዩ ቀለሙና ቅርጹ ራሱ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ረቂቁ ሥዕል ነግሦ ስለነበር ሰው መሣል ያለፈበት ሥራ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሸራው ተመልሷል። የተመለሰው ግን እንደ ድሮው ጦር ሜዳ ላይ ወይም ዙፋን ላይ ሆኖ አይደለም። በቁምጣ፣ ገንዳ ዳር፣ ሥራ ፈትቶ ነው።

ትዝታና ትካዜስ ምንና ምን ናቸው?

ያለፈ ነገር ትዝ ማለቱ ብቻውን አያሳዝንም፤ የሚያሳዝነው እንደማይመለስ ማወቁ ሲጨመርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ ባዝል ከተማ ላይ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ናፍቆት ከአገራቸው የራቁ ስዊዞችን የሚያጠቃ በሽታ ብሎ መዝግቦት ነበር። ዛሬ በሽታ የሚለው የለም። እንግሊዝ ውስጥ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮንስታንቲን ሴዲኪደስ፣ ቲም ዊልድሹትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ ሰው ወደ ትዝታው የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሲከፋው ወይም ብቸኝነት ሲሰማው እንደሆነ፣ ከዚያ ሲመለስ ግን ከሌሎች ጋር ያለው ትስስር ጠንክሮ እንደሚሰማው አሳይቷል። የትዝታ ዘፈን ሰምቶ ዓይኑን ከጠራረገ በኋላ ቀለል ብሎት የሚነሣ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ግን ይሁን።

ትካዜ ከዚህ ይለያል። ምክንያቱ ተጠይቆ የማይገኝ፣ ሰውን ዝም አሰኝቶ አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ስሜት ነው። ጀርመናዊው አልብረኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1514 ትካዜን በክንፋም ሴት መስሎ ሲቀርጻት ጉንጯን በእጇ አስደግፎ ነው ያስቀመጣት። እኛም ቤት አንድ ልጅ እንዲያ ከተቀመጠ “ምን ሆንክ?” መባሉ አይቀርም። አሁን የምናወራላቸው ሥዕሎች ሁለቱን ያጋባሉ፤ ጉዳዩ ትዝታ ነው፣ ሰዎቹ የሚቀመጡት ግን በትካዜ ነው።

የበጋ ወራት ምን የሚያሳዝን ነገር አላቸው?

ሥዕሎቹ የሚያሳዩት የፈረንጆቹን በጋ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሞቃት ወቅት። ለምን እንደሚያሳዝን ለማወቅ ካርታ ማየት ይበቃል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ የምትርቀው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ስቶክሆልም ላይ ግን በፈረንጆች ሰኔ ብርሃኑ በቀን ከ18 ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ታኅሣሣቸው ሲመጣ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ለዚያ አገር ሰው ብርሃን ራሱ የሚመጣና የሚሄድ እንግዳ ነው። ደግሞ መሄድ የሚጀምረው ገና ሳይጠገብ ነው፤ ቀኑ ማጠር የሚይዘው ከፈረንጆች ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ፣ ዋናው ሙቀት ሳይመጣ ነው።

ቡና ላይ በረካ ሲቀዳ ጨዋታው ገና ሞቅ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አራተኛ ስኒ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፣ አንዳንዱም ነጠላውን መሰብሰብ ጀምሯል። ሠዓሊዎቹ በጋቸውን የሚሥሉት በዚህ ሰዓት ላይ አድርገው ነው። ደስታው አልቆ ቢሆን የለቅሶ ሥዕል ይሆን ነበር፤ ገና ጀምሮ ቢሆን ደግሞ የሆቴል ማስታወቂያ።

ሌላው ምክንያት ዕድሜ ነው። በእነሱም አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእነዚሁ ወራት ነው፤ ስለዚህ የልጅነት ነፃነት በሙሉ እዚያ ተከማችቷል። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው እንዳዩት፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሕይወቱን እንዲያስታውስ ሲጠየቅ በ10 እና በ30 ዓመቱ መካከል የሆነው ከሌላው ጊዜ በልጦ ይመጣለታል። የመጀመሪያ ዋና፣ የመጀመሪያ ፍቅር፣ ከቤት የመጀመሪያ መራቅ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ማንም ሳያለቅስ ሐዘኑ በየት ገባ?

ብዙዎቻችን ሥዕል ማየት የለመድነው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ዓይን ትልቅ ነው። ቅዱሱ ሁለት ዓይኑን ይዞ ወደ ተመልካቹ ይዞራል፤ ክፉው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማን ማን እንደሆነ ፊቱ ይናገራል፤ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰውም ብዙ አይገኝም። በዚህ የሠለጠነ ዓይን ወደ በጋ ሥዕሎቹ ሲሄድ መጀመሪያ ፊት ይፈልጋል። ፊቱ ግን የለም፤ ወይ ዞሯል፣ ወይ ጥላ ውስጥ ነው፣ ወይ ምንም አይልም። ስሜቱን ሌላ ነገር ተሸክሞታል ማለት ነው፤ ርቀት፣ ብርሃንና ፀጥታ።

የዚህ ቋንቋ ሥር ከዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ይቀድማል። ዴንማርካዊው ፔዴር ሴቬሪን ክሮየር እ.ኤ.አ. በ1893 ስካገን በምትባል የዓሣ አጥማጆች ቦታ የሣለውን የበጋ ምሽት እንይ። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሁለት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የባሕሩን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። አንዷ ራሷ ሠዓሊ የሆነችው አና አንከር ናት፤ ሌላዋ የክሮየር ሚስት ማሪ። የምናየው ከኋላቸው ነው። እያወሩ ከሆነ ወሬው ለእኛ አይደለም፤ ብንጠራቸውም የሚሰሙን አይመስልም። ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር በበጋው እኩሌታ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ በደንብ አይጨልምም፣ ሠዓሊውም ያንን ብርሃን ለረጅም ሰዓት ሊያየው ይችላል። እኛ ዘንድ ጀምበር ከጠለቀች 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይጨልማል። ሐዋሳ ውስጥ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወንበር ይዞ ምሽቱን ልሣል ያለ ሰው ቀለሙን ቀላቅሎ ሳይጨርስ ብርሃኑ ያመልጠዋል።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1960 የሣለው ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ነው። አምስት ሰዎች የመንገደኛ ልብሳቸውን እንደለበሱ በረድፍ በተቀመጡ ወንበሮች ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ ከኋላ ሆኖ መጽሐፍ ያነባል፤ ሌሎቹ ወደ ተራሮቹ ያያሉ። ማንም ማንንም አያይም። ጥላቸው ስለት ያለው ይመስል ቁርጥ ብሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። አንድም የሚያሳዝን ነገር አልተሣለም፤ ሆኖም ረጅም ሰዓት የሚያዩት ሥዕል አይደለም፣ ቶሎ ይከብዳል።

በዓለም የታወቀው ገንዳ ምን ይላል?

እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክኒ እ.ኤ.አ. በ1967 ካሊፎርኒያ ላይ የሣለውና ለንደን በሚገኘው ቴት የተባለ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ያለው “ትልቁ ፍንጣቂ” ለጀማሪ ተመልካች ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በውስጡ ያለው ነገር ተቆጥሮ ያልቃል። ቢጫ መዝለያ ሰሌዳ ከታች በኩል ወደ ገንዳው ገብቷል። ከወዲያ ሰፊ መስታወት ያለው ፎቅ አልባ ቤት፣ ሁለት ዘንባባ፣ መስታወቱ ፊት አንድ ባዶ ወንበር አለ። ሰማዩና ውኃው ልሙጥ ሰማያዊ ናቸው። መሐል ላይ ነጭ ውኃ ተፈናጥሯል።

ሰው የለም። አሁን ዘሎ ገብቷል፤ ያለው ከውኃው ሥር ነው። ፊጉራቲቭ ከሚባሉት መካከል የገነነው አንዱ ሥዕል ባለቤቱን ደብቆ ነው የተሣለው። ወንበሩ ባዶ የሆነው የእሱ ስለሆነ ይሁን ሌላ ሰው እዚያ ተቀምጦ ስለነበር አይነገረንም።

አሠራሩ ደግሞ ስሜቱን ያበረታዋል። ሠዓሊው ሰፋፊዎቹን ቦታዎች ቶሎ በሚደርቀው አክሪሊክ ቀለም በሮለር ነው የቀባው፤ ቤት ቀቢ ግድግዳ እንደሚቀባው፣ ያለ ብሩሽ ምልክት። ፍንጣቂውን ግን በቀጫጭን ብሩሾች፣ መስመር በመስመር ሠራው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ወስዶበታል። በሁለት ሰከንድ የሚጠፋ ነገር ሁለት ሳምንት ተሠርቶ ከ50 ዓመት በላይ አየር ላይ ቆሟል። ውኃው አይመለስም፣ ልጁም አይወጣም። ሥዕሉን ሲያዩ ሆድ የሚባባው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜው እንዳለፈ እናውቃለን፣ ሸራው ግን አላለፈም ይላል።

ፎቶ ምን አገባው?

ከዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው አይሥሉም። የሚሥሉት ከፎቶ ነው፤ ያውም ካረጀ ፎቶ። ይህን ለመረዳት የእናትን አልበም ማውጣት ነው። በቀድሞው የቀለም ፎቶ ወረቀት ላይ ሦስት የቀለም ንብርብር አለ፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ ቀይና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ። አልበም ውስጥ ተዘግቶ ሲከርም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳው ሰማያዊው ነው፤ ቢጫውና ቀዩ ይቀራሉ። ቤተሰቡ የሐዋሳውን ታቦር ተራራ ተደግፎ ወይም ሐይቁን ከኋላ አድርጎ የተነሣው ፎቶ ሁሉ ምሽት ላይ የተነሣ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፀሐዩ እንዲያ ብርቱካናማ አልነበረም። ቀትር ላይ የተነሣም ሊሆን ይችላል፤ ያመሸው ወረቀቱ ነው።

ሠዓሊዎቹ ይህን መደብዘዝ አውቀው ይገለብጡታል። ሸራው ላይ የምናየው ወርቃማ ብርሃን እንግዲህ የዚያ ቀን አየር ላይሆን ይችላል፤ በመሐል ያለፉት ዓመታት ቀለም ነው።

ኖኅ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ጥቁር ሠዓሊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ተወልዶ በ2015 በ32 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። ከሥራዎቹ መካከል “1975” ብሎ የሰየማቸው ሥዕሎች እናቱ በወጣትነቷ ካነሣቻቸው ፎቶዎች የተነሡ ናቸው፤ እሱ ያኔ አልተወለደም። በአንዳንዶቹ ጥቁር ወጣቶች በሕዝብ መዋኛ ገንዳ ይታያሉ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ተራ ትዕይንት አይደለም፤ የዘር መለያየት በሕግ እስከታገደበት እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ድረስ ብዙ ገንዳዎች ለጥቁሮች ዝግ ነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ከጥቁር ጋር ከመዋኘት ገንዳውን መዝጋት የመረጡ ከተሞች ነበሩ። ስለዚህ እዚያ ሥዕል ላይ ያለ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲንቦራጨቅ ደስታውም ትዝታውም ሌላ ክብደት አለው። የሆክኒ ገንዳ የግል ነው፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚል ጥያቄ አልነበረበትም።

ትዝታው ደግሞ ጭራሽ የራስ ላይሆን ይችላል። ፒተር ዶይግ እ.ኤ.አ. በ1959 ኤድንብራ ተወልዶ በትሪኒዳድና በካናዳ አደገ። ሐይቅ ላይ ብቻዋን የምትንሳፈፍ ታንኳ ደጋግሞ ሥሏል፤ ሥዕሎቹን የሚያይ ሰው የሠዓሊውን ልጅነት ያየ ይመስለዋል። ታንኳዋ የመጣችው ግን የበጋ ካምፕ ውስጥ ከሚሆን የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ካወቁ በኋላም ሥዕሉ ማባባቱን አይተውም።

ዋጋቸውስ ለምን ሰማይ ነካ?

ውበታቸው ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚታይበት ሥዕል ለገዢም ለማኅበራዊ ሚዲያም ይቀላል፣ በአንድ ዓይን ይገባል። የሆክኒ ሌላ የገንዳ ሥዕል፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው፣ በ2018 ኒው ዮርክ ላይ በ90.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ በወቅቱ በሕይወት ካለ ሠዓሊ ሥራ በጨረታ የተገኘ ከፍተኛው ዋጋ ነበር። የዶይግ አንዷ ታንኳ በ2021 ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ተጠግታለች። ገንዘቡ የሚሄደው ለሻጩ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ሠዓሊው ከዳግም ሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ የለም።

ሐዋሳ ላይ ቢሣልስ?

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ፈረንጁ በፀሐይ የሚያስታውሳቸውን ወራት እኛ የምናስታውሳቸው በዝናብ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌ ይገባል፤ ጠዋት ብልጭ ያለችው ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ደመና ይውጣታል፣ ጎርፉ ይወርዳል፣ ሐይቁ አመድማ ይሆናል። የልጅነት ሽታው ከሰል ላይ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ነው። ሐምሌ 19 ለገብርኤል የመጣው እንግዳ ነጭ ልብሱን ከጭቃ ሰብስቦ ይራመዳል፤ ነሐሴ ሲጋመስ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሆያ ሆዬ በየደጁ ይዞራል። ከዚያ ጳጉሜ፣ ከዚያ አዲስ ደብተር። በረካው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሰማያዊ ገንዳና ቢጫ ጃንጥላ ገልብጦ የእኔ ትዝታ ነው ማለት ብዙ አያስኬድም። መሣሪያዎቹ ግን ይሠራሉ። በደመናማ ቀን የሆፐር ዓይነት ስለታም ጥላ አይገኝም፤ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ የሰው ጥላ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። በምትኩ የረጠበ ነገር ሁሉ ቀለሙ ይጠነክራል፤ የዋርካው ቅጠል፣ የባጃጁ ሰማያዊ፣ አስፋልቱ። ሆፐር ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውን አምስት ሰዎች የሚፈልግ ደግሞ ከመናኸሪያው አካባቢ አይርቅ። ዶፍ ሲወርድ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የማይተዋወቁ ሰዎች ይጠለላሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ዝናቡ ያያሉ፣ ማንም ማንንም አያይም። ፌስታል ራሷ ላይ ያደረገች ሴት፣ ጫማውን በእጁ የያዘ ተማሪ፣ ሞተሩን ያላጠፋ ሹፌር። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

እስካሁን ግን ሐይቅ ዳር ባሉት ካፌዎችና ሆቴሎች ግድግዳ ላይ የሚበዛው ሌላ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ የቆመ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ፣ ታንኳ ላይ የዓሣ አጥማጅ ጥላ፣ ከኋላው ቀይ ጀንበር። ቆንጆ ናቸው፣ ይሸጣሉም፤ እንግዳው ይዞት መሄድ የሚፈልገው ያየውን ጀንበር ነው። የበረንዳውን ሥዕል የሚሞክር ሰው ገዢውን ከከተማው ሰው መካከል ቢፈልግ ይቀናዋል። ሐምሌ ላይ ከጀመረ ደግሞ ጊዜ ይያዝ፤ በእርጥብ አየር አክሪሊኩም እንደ እኛው ደረቅ በጋ ቶሎ አይደርቅም፣ የዘይት ቀለሙማ የመስቀል በዓልን አልፎም እጅ ሊያቆሽሽ ይችላል።